ወደ ላይ የወጣው ቁጥር

በጁዋና ወንዝ ዳር ባለው ሰፈር የሰው መታጠቢያ ቤት ሳያስፈቅዱ ዘው የሚሉ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አንዷ እትዬ ታርሚ ናቸው፤ ሌላዋ ዋርሲናህ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት አረንጓዴ ሰደሪያቸውን ደርበው፣ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ከበር ወደ በር ይዞራሉ። የመታጠቢያ ገንዳውን፣ የአበባ ማሰሮውን፣ የወፍ ጎጆ ውስጥ ያለችውን የውሃ ስኒ ሳይቀር በባትሪ ያያሉ። የትንኝ እጭ ሲወራጭ ካገኙ በበሩ ጀርባ በተሰቀለችው ካርድ ላይ የመደመር ምልክት ያደርጋሉ፤ ካላገኙ የመቀነስ። በዚያ ሰፈር የመደመር ምልክት ያለበት ካርድ ለቤቲቱ ሴት ትልቅ ነውር ነው።

«አንቺ፣ ገንዳሽ ውስጥ ዓሣ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?» ይላሉ እትዬ ታርሚ እጭ ሲያገኙ። «ባልሽ ባሕር ድረስ ምን አደከመው? እዚሁ መረቡን ይጣል እንጂ!»

ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እያፈሩም ገንዳውን ይደፋሉ። የዋርሲናህን ቤት እትዬ ታርሚ ያያሉ፤ የእትዬ ታርሚን ደግሞ ዋርሲናህ። የራሷን ካርድ ራሷ የምትሞላ የለችም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ዋርሲናህ ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህንኑ ካርድ ለመሙላት ብላ። ከሰዓት በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ከሌሎች እናቶች ጋር ጠባቧ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጣ ተማረች። ቁጥር ቶሎ ገባት። ቃል ግን እስካሁን ይከብዳታል፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ጣቷን ከስሩ እየጎተተች ነው የምታነበው። ስለዚህ ቁጥር ትወዳለች። ቁጥር አያደክማትም፤ እንዳየችው ይገባታል።

በዝናቡ ወራት ትንኝ የሚያስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ሲገባ የሰፈሩ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። ዋርሲናህ ከወረቀቱ አንዲት መስመር ብቻ ትፈልጋለች፤ የፕላትሌትን። ፕላትሌት ደም የምታረጋው ናት። ደንጊ የያዘው ሰው ፕላትሌቱ ትወርዳለች፤ ከመቶ ሺህ በታች ከሆነች ሰውየው ሊደማ ስለሚችል በቶሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ወደ ላይ መውጣት ከጀመረች ግን አልሐምዱሊላህ፣ ክፉው አለፈ ማለት ነው። ይህን በጤና ጣቢያው ስልጠና ላይ ተምራ በቃሏ ይዛዋለች። ለእናቶችም ሁለት ነገር ሳትታክት ትናገራለች፤ ትኩሳት ላለበት ልጅ ውስጡ ቀይ የሆነውን የዘይቱን ፍሬ ጭማቂ ስጡት፣ ፕላትሌት ያወጣል። አስፕሪን ግን በፍጹም እንዳትሰጡት፣ ደም ያቀጥናል።

ባለፈው ዓመት የእትዬ ታርሚ የልጅ ልጅ ሲታመም ወረቀቱን አይታ «ሃያ ዘጠኝ ሺህ ነው! ተነሱ፣ ሞተር ሳይክል አምጡ!» ብላ የጮኸችው እሷ ናት። ልጁ ተረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ታርሚ «ዶክተር ዋርሲ» ይሏታል፤ ሲቀልዱም፣ ከልባቸውም።

ባሏ ዳርኩም ሩቅ ባሕር በሚያጠምድ መርከብ ላይ ይሠራል። ወጥቶ የሚመለሰው በዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አንዲት ልጇ ኪናሲህ ናቸው። ኪናሲህ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ከዓሣ ገበያው ድመቶች ጋር ስትሯሯጥ የምትውል፣ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ጫማዋን ሁልጊዜ ግራና ቀኙን አቀያይራ የምታደርግ ልጅ ናት።

ዝናቡ ሊያበቃ አካባቢ፣ በመጋቢት፣ ኪናሲህን ትኩሳት ያዛት።

ዋርሲናህ ነገሩን የምታውቀው መሰላት። ፓራሲታሞል ሰጠቻት፤ ዘይቱን ጨምቃ አጠጣቻት። በሦስተኛው ቀን ደሟን አስመረመረች። ፕላትሌት ሦስት መቶ አሥር ሺህ። ጤነኛ ቁጥር ነው። ዋርሲናህ ግን አልተረጋጋችም፤ ገና ትወርዳለች ብላ ጠበቀች። በአራተኛው ቀን የልጅቷ ሁለት ዓይኖች ደም መሰሉ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። ሆዷና ጀርባዋ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ እጅና እግሯ እንደ ተነፋ ጓንት አበጠ።

«ሽፍታውን አየሽው? ደንጊ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን?» አሉ እትዬ ታርሚ፣ የልጅቷን እግር በመዳፋቸው ይዘው። «ቻይው እህቴ። አምስተኛው ቀን ነው ክፉው።»

በአምስተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ዶክተር ኔልሲ ከሰሜን ሱማትራ የመጣች፣ ሳቅ የማታበዛ ወጣት ሴት ናት። የልጅቷን አፍ አስከፍታ አየች፤ አንገቷን ዳሰሰች።

«እናት፣ ምላሷ እንጆሪ መስሏል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። ዶክተር፣ ፕላትሌቷ ገና አልወረደችም፤ መቼ ነው የምትወርደው?»

«ይሄ ደንጊ ላይሆን ይችላል» አለች ዶክተሯ። «ልጆችን የሚይዝ ሌላ ሕመም አለ። የሰውነት ዘበኞች ተሳስተው የራሳቸውን የደም ሥር ጠላት ነው ብለው ያቃጥሉታል። የልብን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ ነገ ጠዋት ትኩሳቱ ካልለቀቃት ሰማራንግ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ውሰጃት። ልቧን በአልትራሳውንድ ያዩላታል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ከተሰጠ ነው፣ በአሥር ቀን ውስጥ። እንዳትዘገዪ።»

ዋርሲናህ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ጡት ማስያዣዋ ውስጥ አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ ሰውነት በረድ ብሎ ነበር። አፍ ሞልቶ ለቀቃት አያሰኝም፤ ግን በረድ ብሏል። ዋርሲናህ ከአውቶቡሱ በፊት በቅርብ ካለው ላቦራቶሪ ደሟን አንድ ጊዜ ላስመርምር አለች። ወረቀቱ ሲመጣ ጣቷን በመስመሩ ስር አሳለፈች። አምስት መቶ ሰማንያ ሺህ።

ደግማ አየችው። ወጥታለች! ሳትወርድ ወጣች! እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ስድስት ቀን ሙሉ ዓይኗን ያልከደነች ሴት ነበረች፤ የምታርፍበት ነገር ፈልጋ አጥታ ነበር፣ አሁን አገኘች። ደብዳቤውን አውጥታ አየችው። የዶክተሯ ጽሑፍ የተጠላለፈ ነው፤ «ልብ» የሚለውን ቃል ብቻ ለየች። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ቁልጭ ያለ ነው፤ ራሷ ታነበዋለች፣ ማንም አያስተረጉምላትም።

«ሰማራንግ ድረስ ይዘሻት ልትሄጂ ነው?» አሉ እትዬ ታርሚ። «እንዲህ ወጥታ ሳለ? ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ወጣት ሲፈራ ወደ ሌላ ይልካል። አንቺ ስንቱን ወረቀት አይተሻል!»

«ወጥታለች አይደል፣ እትዬ?»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ዶክተር ዋርሲ እኮ ነሽ።»

አልሄደችም።

ትኩሳቱ ዝቅ ከፍ እያለ ሌላ ሳምንት ቆየ። ዋርሲናህ ዘይቱኑን አላቋረጠችም። በአሥራ አራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሄደ፤ ኪናሲህ ሩዝ በኩሬ ዓሣ በላች፣ ከድመቶቹም ጋር ተጣላች። የጣቶቿ ጫፍ ብቻ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ጀመረ። የመጨረሻው የደም ምርመራ ዘጠኝ መቶ አርባ ሺህ አለ። እንዲህ ያለ ቁጥር በሰፈሩ ታይቶ አያውቅም።

በማግስቱ የሕፃናት መመዘኛ ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው አዳራሹ ተሰብስበዋል። እትዬ ታርሚ ጠመኔ አንስተው በሰሌዳው ላይ በትልቁ «ኪናሲህ 940» ብለው ጻፉ።

«እዩ!» አሉ። «ዘይቱን የናቃችሁ ሁሉ እዩ! የኔ ልጅ ዘይቱን አትወድም፣ አትጠጣም ትላላችሁ። አፍንጫዋን ይዘሽ አጠጫት! ይሄው የዋርሲን ልጅ እዩ።»

እናቶቹ አጨበጨቡ። ዋርሲናህ አንገቷን ደፋች፤ ግን ደስ ብሏት ነበር። ኪናሲህ ስሟን ስትሰማ እሷም አጨበጨበች።

ዶክተር ኔልሲ የክትባት ሳጥኗን ይዛ የገባችው ያኔ ነው። ሰሌዳውን አይታ ቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የኪናሲህ ፕላትሌት!» አሉ ብዙ ሴቶች ባንድ ድምፅ።

ዶክተሯ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ኪናሲህ ሄዳ በርከክ አለችና እጇን ይዛ የተላጡትን ጣቶች አየች። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እናት፣ ሰማራንግ ወስደሻት ነበር?»

ዋርሲናህ የልጇን ቀሚስ አስተካከለች።

«ሰማራንግ ሄዳችኋል ወይ?»

«ወጥታ ነበር እኮ፣ ዶክተር» አለች ዋርሲናህ። «ፕላትሌቷ ወጥታ ነበር። በስድስተኛው ቀን። ስለዚህ…»

ሚዛኑ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል። ዶክተር ኔልሲ ተነስታ በእጅጌዋ ሰሌዳውን አጠፋችው፤ ለምን እንደምታጠፋው ግን ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ቀን ወደ ሰማራንግ በአምቡላንስ ሲሄዱ ዶክተሯም አብራቸው ሄደች። ኪናሲህ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ዋርሲናህ ከተነሱ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ስታመላልስ ቆይታ መንገዱ አጋማሽ ላይ አወጣችው።

«ፕላትሌት ጥሩ ናት አይደል እንዴ?»

በመስኮት በኩል የዓሣ ኩሬዎቹ ያልፋሉ።

«መረብ ጠጋኞቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ ወደቡ ላይ ያሉትን?» አለች ዶክተሯ። «ፕላትሌት እንደ እነሱ ናት። የደም ሥር ሲቀደድ ሮጣ ትመጣለች፤ ትጠግናለች። በደንጊ ጊዜ ጠጋኞቹ ያልቃሉ፣ ስለዚህ ሲበዙ ደስ ይለናል። በዚህ ሕመም ግን የሚቃጠለው የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ነው። ቃጠሎው ጠጋኞቹን ይጠራል። እነሱ ደግሞ መጥተው ዝም ብለው አይጠግኑም፤ ጮኸው ሌሎች ዘበኞችን ይጠራሉ፣ እሳቱ ይብሳል። ሰውነት ጠጋኝ አነሰ መስሎት ሌላ ያመርታል። አምስት መቶ ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ ሺህ። ያበጠው ቦታ ላይ እየተከመሩ ይጣበቃሉ። የኩሬ መውረጃ በጭቃ ሲደፈን አይተሽ የለ? እንደዚያ።»

ዋርሲናህ የልጇን እግር ሸፈነች። ጫማዋ ዛሬም ግራና ቀኙ ተቀያይሯል።

«ያን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ? በዘይቱኑ?»

«አይደለም። ዘይቱኑ ምንም አላደረገም። አልጠቀመም፣ አልጎዳም።»

ዶክተሯ ልታጽናናት ብላ ነው የተናገረችው። ለዋርሲናህ ግን ማጽናኛ አልሆነላትም። ምንም አላደረገም ማለት፣ ምንም አላደረግሽም ማለት ነው።

ሰማራንግ ያለው የልብ ሐኪም ሽማግሌ ናቸው። የአልትራሳውንዱን ቀዝቃዛ ቅባት የልጅቷ ደረት ላይ ሲቀቡ ኪናሲህ «ይበርዳል አያቴ!» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ብዙ ቆዩ። እንደ ሩዝ አገዳ ቀጭን መሆን የነበረበት የልብ የደም ሥር አንድ ቦታ ላይ እንደ ዶቃ አብጧል። ዘጠኝ ሚሊሜትር።

«ወደ ድሮው ይመለሳል?» አለች ዋርሲናህ።

«ትንሽ ያበጠ ይመለሳል» አሉ። «እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፣ ልጄ። መድኃኒቱን አሁንም እንሰጣታለን። ግን ቀኑ አልፏል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ የያዙት አስፕሪን ነበር። በየቀኑ ጠዋት አንድ ትንሽ ክኒን፤ ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ። ፕላትሌቶቹ እንዳይጣበቁ። ዋርሲናህ የመጀመሪያውን ቀን ክኒኑን በማንኪያ ከመደቆሷ በፊት ስሙን ጣቷን እየጎተተች ሁለት ጊዜ አነበበችው። «በፍጹም እንዳትሰጡ» ብላ ለአራት ዓመት በየደጁ የሰበከችው ነገር ነው። ልጅቷ ግን በማር ስለተለወሰላት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ዳርኩም ከመርከብ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል።

«ዳነች ወይ?»

«ትኩሳቱ ጠፍቷል።»

«ዳነች ወይ ነው የምልሽ፣ ዋርሲ!»

«መሮጥ የለባትም» አለችው።

ኪናሲህ ግን መሮጥ ብቻ ነው የምታውቀው። ዋርሲናህ ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ ትከተላለች፤ ቁጭ በይ፣ ቀስ በይ፣ ነይ እዚህ። የዓርብ ዙሩን ተወች። እትዬ ታርሚ ብቻቸውን ዞሩ። በደረቁ ወራት የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ከውሃ ጫኝ መኪና ገዝቶ ያጠራቅማል፤ ዋርሲናህም ከማድ ቤቱ ጀርባ አንድ በርሜል ሞላች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቧንቧው ተመለሰ፤ በርሜሉም ተረሳ። እሷ ምን ጊዜ አላት? ጠዋት ክኒን፣ በየወሩ ሰማራንግ፣ በቀን ሃያ ጊዜ የልጇን ደረት በጆሮዋ ማዳመጥ። የልጇን የልብ ምት እየቆጠረች የራሷ ልብ ይጠፋባታል።

ዝናቡ በጀመረበት በኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷ እንደ ምድጃ ግላ ነቃች።

ዋርሲናህ የድሮው ሕመም ተመልሶ መጣ ብላ ክው አለች። በዚህ ጊዜ ግን አልዘገየችም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ደረሰች። ዶክተር ኔልሲ ደሟን አስመርምራ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«ደንጊ ነው» አለች። «ይሄኛው ራሱ ደንጊ ነው።»

ፓቲ ከተማ ባለው ሆስፒታል አስተኟት። ፕላትሌት መቶ አሥር ሺህ። በማግስቱ ሰባ አንድ። አስፕሪኑን አቆሙት። ዶክተር ኔልሲ ሥራዋን ጨርሳ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ዋርሲናህ ኮሪደሩ ላይ ይዛት ጥግ ወሰደቻት።

«ክኒኑን ካልወሰደች ያ ያበጠው ነገርስ?»

«ደሙ እዚያ ሊረጋ ይችላል።»

«ከወሰደችስ?»

«ልትደማ ትችላለች። በሆዷም፣ በጭንቅላቷም።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

ዶክተሯ የያዘችውን ወረቀት አጠፈችው።

«ዶክተር፣ እኔ እየጸለይኩ ነው። አላህን ምን ብዬ ልለምነው? ፕላትሌቷ ትውጣ ልበል ወይስ ትውረድ?»

«አላውቅም፣ እናት» አለች ዶክተር ኔልሲ። ዓይኗ ሞላ። «የሰማራንጉን ዶክተር ጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸውም መሐሉን ፈልጉ ነው ያሉኝ። መሐሉ የት እንደሆነ ግን ማንም ሊነግረን አይችልም።»

ሠላሳ ስምንት ሺህ ደረሰች። የልጅቷ ድድ ትንሽ ደማ። ዋርሲናህ ጥጥ ይዛ አፏን ስትጠርግ «እማ፣ ማሩን ለምን ተውሽው?» አለቻት ኪናሲህ። ክኒኑን ማለቷ ነው።

«ነገ እሰጥሻለሁ።»

«ትናንትም ነገ ብለሽ ነበር።»

በስድስተኛው ቀን ቁጥሩ ተመለሰ። ስልሳ ሁለት። በሰባተኛው መቶ አርባ። ትኩሳቱ ሄደ። ወሬው ሰፈር ደርሶ እትዬ ታርሚ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቀይ ዘይቱን ጨምቀው ከተፍ አሉ።

«ወጣች አሉኝ!» አሉ ገና ከበሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ጊዜ አስደነገጥሽን፤ ሦስተኛ እንዳትለምጂ ብቻ!» ኪናሲህን ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ የዋርሲናህን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው ከፊታቸው ወረደ። «ምነው? ወጥታለች አይደል?»

«ወጥታለች» አለች ዋርሲናህ። ጠርሙሱን ተቀብላ አልጋው ስር አስቀመጠችው። ቁጥር ሲወጣ የሚሰማት የድሮው ደስታ ከእንግዲህ ለእሷ አይመለስም። ወደ ነርሷ ሄዳ «አስፕሪኑ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ነገ ጠዋት ዶክተሩ ሲዞሩ ይጀመራል፣ ኢንሻአላህ።»

ጠዋት ኪናሲህ በደህና ነቃች። ገንፎ ቀመሰች። አልጋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ልታደርግ እየታገለች ነበር፤ ዋርሲናህም ማር ልታመጣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እማ፣ ሆዴን።»

ዞር ስትል የልጅቷ ፊት አመድ ሆኗል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የቀመሰችውን አስመለሰች። ዋርሲናህ አልተጠራጠረችም፤ ሆዷ ሳይሆን ልቧ እንደሆነ በደንብ አወቀች። ጩኸቷ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። ነርሶቹ ሮጡ፤ ዶክተሩም ክኒኗን በትሪ ላይ ካሉት መድኃኒቶች ጋር እንደያዙ ሮጠው ገቡ። ደረቷን ተጫኑት። ብዙ ቆዩ። የቀትሩ የዝሁር አዛን ሲጠራ እጃቸውን አነሱ።

አንዷ ጫማ እግሯ ላይ ነበረች። በትክክለኛው እግሯ ላይ ነበረች።

ዳርኩም በስልክ ነው የሰማው። ቀብሩ ላይ አልደረሰም፤ መርከቡ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል።

ሰፈርተኛው ሰባት ቀን ተሰብስቦ ጸለየላት። ከዚያ ዓርብ መጣ። እትዬ ታርሚ ሰደሪያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ባትሪ ይዘው መጡ።

«ነይ» አሉ በለሆሳስ። «ቤት መቀመጥ ይገድልሻል። ሁለት ሦስት ቤት ብቻ አብረሽኝ ዙሪ፤ ከዚያ ትመለሻለሽ።»

ዋርሲናህ ባትሪውን ተቀበለች። ከበር ግን አልወጣችም። ዞራ በማድ ቤቱ በኩል ወደ ኋላ ሄደች። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም፤ እግሯ ወሰዳት። በርሜሉ እዚያ ቆሟል፣ ዝናብ እስከ አፉ ሞልቶታል። ባትሪውን አበራች።

ውሃው ይንቀሳቀስ ነበር። ከላይ እስከ ታች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነገሮች እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ።

ተመልሳ ገባች። የራሷን ካርድ ከበሩ ጀርባ አወረደች። በእትዬ ታርሚ እጅ ዘጠኝ ዓርብ ተሞልቷል። መቀነስ፣ መቀነስ፣ መቀነስ። ዘጠኝ ጊዜ።

«እትዬ፣ አይተው ነበር?»

እትዬ ታርሚ ካርዱን አዩ፤ ወደ ማድ ቤቱ በር አዩ። ገባቸው። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«አላየሁም» አሉ። «አንቺ ከልጅሽ ጋር ትታገያለሽ፤ እኔ ባትሪ ይዤ ቤትሽን ልፈትሽ? አሳፈረኝ። ዋርሲ ደግሞ ለማን ይባላል፣ የእሷ ቤት ምን ይገኝበታል አልኩ። እንዲሁ ጻፍኩት።» ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ትንኙ ከዚህ አይደለም በይኝ። ከሌላ ቤት ነው በይኝ፣ እህቴ።»

ዋርሲናህ ካርዱን አገላበጠች።

«አላውቅም» አለች። ውሸት አልነበረም። «እርስዎ ባያዩ እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ። እኔም አላየሁም።»

እስክሪብቶዋን አወጣች። ያለፉትን ዘጠኝ ሳጥኖች አልነካችም፤ በእነዚያ ቀኖች በርሜሉ ውስጥ ምን እንደነበረ ያየ ሰው የለም። አሥረኛው ሳጥን ላይ፣ ደንቡን ጥሳ፣ በራሷ እጅ የመደመር ምልክት አደረገች። መስመሮቹን ቀጥ አድርጋ፣ አዳራሹ ውስጥ እንደተማረችው። ከዚያ ካርዱን ወደ ውጭ ይዛ ወጣችና መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት በበሩ ፊት ሰቀለችው።

በርሜሉን ለመድፋት ወደ ኋላ ተመለሰች። እትዬ ታርሚ ደፉ ላይ ትንሽ ቆይተው ተነሱ። ወደሚቀጥለው ቤት ብቻቸውን ገቡ። ገንዳው ውስጥ እጭ አገኙ፤ ሴትዮዋም ቀልዱን ስትጠብቅ ፈገግ ብላ ቆመች። እትዬ ታርሚ ምልክቱን አድርገው ምንም ሳይናገሩ ወጡ።